ሪል እስቴቱ ዕዳውን መክፈል ሲያቅተው፦ የኪሳራ አቤቱታ እንዴት ይቀርባል?

ይህን የጻፍኩት ሪል እስቴት ገንዘባቸውን ይዞባቸው ለቀረ ሰዎች ነው፦ ብረትና ሲሚንቶ በዱቤ ላቀረቡ፣ በንዑስ ተቋራጭነት ለሠሩ፣ ከፍለው ቤት ላልተረከቡ። ከሁሉም በፊት አንድ ነገር ይታወቅ። የኪሳራ አቤቱታ የራስን ገንዘብ ከሌላው ቀድሞ ማስመለሻ አይደለም። ውሳኔው ሲሰጥ እያንዳንዱ ገንዘብ ጠያቂ በግሉ የጀመረው አፈጻጸም ይቆማል፤ ንብረቱ ተሰብስቦ እንደየደረጃው ይከፋፈላል። ድርጅቱ እየቻለ እምቢ ያለ ከሆነ ተራ የገንዘብ ክስ መሥርቶ የባንክ ሒሳቡን ማሳገድ ይሻላል ባይ ነኝ።

1. ወረፋዎን ይወቁ። ካርታው ላይ ዕዳና እገዳ ካለ ባንኩ ከመያዣው ላይ ይቀድምዎታል፤ እንዲያውም በአዋጅ ቁጥር 97/1990 መሠረት ያለ ፍርድ ቤት ሐራጅ ማውጣት ይችላል። የሠራተኛ ደመወዝም ቅድሚያ አለው። የቤት ገዢ ነገር ደግሞ ያሳዝናል። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1185 የማይንቀሳቀስ ንብረት ባለቤትነት በውል የሚተላለፈው በመዝገብ ሲገባ ነው። ዋጋውን ከሞላ ጎደል የከፈለ ሰው እንኳ ካርታው በስሙ ካልዞረ እንደ ብሎኬት አቅራቢው ተራ ገንዘብ ጠያቂ ሆኖ ሊቆም ይችላል።

2. ማስጠንቀቂያ ይስጡ። በጽሑፍ ይሁን፤ ፈርመው የተቀበሉበትን ኮፒ ይያዙ።

3. ክፍያ ማቋረጡን ያስረዱ። ብዙ አቤቱታ የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። «ዕዳ አለብኝ ብሎ አልከፈለኝም» ማለት ብቻውን አይበቃም። ፍርድ ቤቱ ማየት የሚፈልገው ድርጅቱ የመክፈያ ጊዜያቸው የደረሰ ዕዳዎችን መክፈል ያቃተው መሆኑን ነው። የሽያጭ ቢሮው መዘጋት፣ የሥራ አስኪያጁ ስልክ አለመነሳት፣ የሠፈር ወሬ ማስረጃ አይሆኑም።

ጠንካራው ማስረጃ ወረቀት ነው። ስንቅ የሌለው ቼክ ከሰጡዎት ባንክ ወስደው ያስመቱት፤ ባንኩ «በቂ ስንቅ የለውም» ብሎ ቀንና ማኅተም ያለበት ማረጋገጫ ይሰጥዎታል። ያቺ ቁራጭ ወረቀት ከአሥር ምስክር ትበልጣለች። ቼክ ከተጻፈበት ቀን ጀምሮ በ6 ወር ውስጥ ለባንክ መቅረብ አለበት። «ትንሽ ታገሡ፣ ገንዘብ እየገባ ነው» እየተባለ ጊዜው ያለፈበት አንድ አቅራቢ አውቃለሁ፤ ቼኩን ይዞ ቀረ። እርስዎ እየታገሡም ቢሆን ቼኩን ያስመቱ።

ከቼኩ ሌላ ፍርድ አስፈጻሚ የሚያዝ ንብረት አጥቶ የመለሰው ሪፖርት፣ ጋዜጣ ላይ የወጣ የባንክ ሐራጅ ማስታወቂያ፣ የሠራተኞች የደመወዝ ክስ መዝገብ ቁጥር ይሰብስቡ። ሌሎች ገንዘብ ጠያቂዎችን ፈልጋችሁ አብራችሁ ብትቀርቡ ደግሞ አንድ ክርክር የሚመስለው ነገር መልኩን ይለውጣል።

ዕዳው ራሱ አከራካሪ እንዳይሆንም ይጠንቀቁ። «ሥራው ጉድለት አለበት» የሚል መልስ ከመጣ ችሎቱ መጀመሪያ ዕዳው ይረጋገጥ ሊል ይችላል። በአማካሪ መሐንዲሱ የተፈረመ የክፍያ ሰርተፍኬት ወይም አስቀድሞ የተገኘ ፍርድ ካለ ይህ በር ይዘጋል።

4. አቤቱታውን ያቅርቡ። ዋና መሥሪያ ቤቱ አዲስ አበባ ከሆነ የሚኬደው ወደ ፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ነው፤ የሚገዛው ሕግ በ2013 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 1243 ነው። የ1952ቱን ሕግ የኪሳራ አንቀጾች የሚጠቅስ አሮጌ ናሙና ከሰው አይቅዱ፤ ያ ክፍል ተሽሯል። አቤቱታው ላይ የዕዳውን ልክ፣ ማስረጃውንና የምስክሮችን ዝርዝር አስፍሩ። እጃችሁ ላይ የሌለ ሰነድ ካለ፣ ለምሳሌ የካርታው ማኅደር፣ ፍርድ ቤቱ እንዲያስቀርብ ይጠየቅ። ንብረት እንዳይሸሽ የእግድ ጥያቄም አብሮ ይግባ። እዚህ ላይ በጠበቃ ገንዘብ አይቆጥቡ።

ድርጅቱ በምላሹ መልሶ መደራጀት፣ ማለትም ሳይፈርስ ዕዳውን በዕቅድ እየከፈለ ሥራውን መቀጠል፣ ሊጠይቅ ይችላል። አቅራቢዎች ይህን ሲሰሙ ይናደዳሉ፤ ቤት ገዢዎች ግን ረጋ ብለው ቢያስቡበት እመክራለሁ። መሬቱ የሊዝ ነው፤ በሐራጅ የሚሸጠው የሊዝ መብቱና ያላለቀው ሕንፃ ነው። አምስተኛ ፎቅ ላይ የቆመ፣ ፌሮው ዝጎ የወጣ ሕንፃ የሚያወጣው ዋጋ የከፈላችሁትን አይመልስም። ሌላ ገንቢ ገብቶ ቢጨርሰው ቤቱ ራሱ ሊገኝ ይችላል።

5. ኪሳራው ከተወሰነ በኋላ አትተኙ። ፍርድ ቤቱ ለሚሾመው ባለአደራ የገንዘብ ጥያቄያችሁን በተሰጠው ቀነ ገደብ ውስጥ ከነማስረጃው አስመዝግቡ፤ አቤቱታውን ያቀረበው ሰውም ቢሆን። ድርጅቱ ሊወድቅ ሲል ለዘመድ በርካሽ የተላለፈ ቤት ወይም ለአንድ ገንዘብ ጠያቂ ብቻ ተለይቶ የተሰጠ መያዣ ካወቃችሁ ለባለአደራው በጽሑፍ ንገሩት፤ እንዲህ ያለው ውል ሊፈርስና ንብረቱ ለሁላችሁ ሊመለስ ይችላል።

ባለዕዳው ኩባንያ ሳይሆን የቤት ህብረት ሥራ ማህበር ከሆነ ይህ ሁሉ አይሠራም፤ አዋጅ ቁጥር 985/2009ን ይዘው መጀመሪያ ማህበሩን የመዘገበውን መሥሪያ ቤት ያነጋግሩ።