ሪችመንድን ዘለን ዋሽንግተንን ስናይ፦ በስቴት ምርጫ የምንሠራቸው ስህተቶች

አንድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ቡና ላይ ተቀምጠናል። እትዬ የምንላቸው አንዲት እናት ፊታቸው በርቶ ገቡ። ሴናተሩን ገበያ በር ላይ አግኝተውት የእህታቸውን ልጅ የቪዛ ጉዳይ ነግረውታል። "ስልኬን ጻፈ፣ እግዜር ይስጠው" አሉ። ማን እንደሆነ ስናጣራ የቨርጂኒያ ስቴት ሴናተር ሆኖ ተገኘ። ቪዛ ላይ የእኔን ያህል ሥልጣን ነው ያለው። ማለትም ምንም።

ዋናው ስህተታችን ይኼ ነው። ስማቸው አንድ ስለሆነ ሥራቸውም አንድ ይመስለናል። ቨርጂኒያ ዋሽንግተን ላይ ያሏት ሴናተሮች ሁለት ናቸው። ቪዛ፣ ዜግነት፣ ፓስፖርት የፌዴራል ጉዳይ ስለሆነ የሚያዋጣው የእነሱ ወይም የኮንግረስ ተወካያችሁ ቢሮ ነው። በስቴቱ ዋና ከተማ በሪችመንድ የሚሰበሰቡት ሌሎች ናቸው፤ 40 ሴናተሮችና 100 ዴሌጌቶች፣ ማለትም የስቴቱ የታችኛው ምክር ቤት አባላት። መንጃ ፈቃድ፣ የቤት ኪራይ ሕግ፣ የትምህርት ቤት በጀት፣ የሰዓት ክፍያ ወለል በእነሱ እጅ ነው። እኛ የፕሬዚዳንቱን ነገር እስከ እኩለ ሌሊት እንከራከራለን። የሰፈራችንን ዴሌጌት ስም ግን ብንጠየቅ እርስ በርስ እንተያያለን።

ቀጥሎ የሚመጣው "የእኔ አንድ ድምፅ ምን ትለውጣለች?" ነው። ይህን ለሚል ሰው የምነግረው አንድ ታሪክ አለኝ። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው።

ኒውፖርት ኒውስ መርከብ የሚሠራበት የቨርጂኒያ ከተማ ነው። በ2017 የ94ኛው ዲስትሪክት (የምርጫ ክልል) የዴሌጌት ወንበር ላይ ሁለት ሰዎች ተወዳደሩ። አንዱ ወንበሩን የያዘው ሪፐብሊካኑ ዴቪድ ያንሲ፣ ሌላዋ ዴሞክራቷ ሼሊ ሳይመንድስ። በመጀመሪያው ቆጠራ ያንሲ በጥቂት ድምፅ መራ። ዲሴምበር 19 እንደገና ሲቆጠር ሳይመንድስ 11,608፣ ያንሲ 11,607 ሆነ። በአንድ ድምፅ አሸነፈች ተባለ። በማግስቱ ሦስት ዳኞች አንዲት አከራካሪ ወረቀት አነሡ። መራጩ የሁለቱንም ክብ አጥቁሮ በሳይመንድስ ላይ ግን መስመር ጭሮበታል። ዳኞቹ ለያንሲ ናት አሉ። እኩል ለእኩል ሆኑ።

የቨርጂኒያ ሕግ እንዲህ ሲሆን ዕጣ ነው የሚለው። ጃንዋሪ 4 ቀን 2018 የሁለቱ ስም ተጽፎ በድሮ የካሜራ ፊልም መያዣ ውስጥ ገባ። መያዣዎቹም ከሙዚየም በተዋሱት የሸክላ ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ ተቀመጡ። የምርጫ ቦርዱ ሰብሳቢ እጁን ሰዶ አንዱን አወጣ። ያንሲ! በዚያች ዕጣ የዴሌጌቶቹ ምክር ቤት 50 ለ50 መሆኑ ቀርቶ ለሪፐብሊካኖች 51 ለ49 ሆነ።

እኔ ደጋግሜ የማስበው ስለዚያች የተጫረች ወረቀት ነው። ምልክት ስታደርጉ ከተሳሳታችሁ ለሠራተኛው ወረቀቷን መልሱና አዲስ ጠይቁ። ይሰጣችኋል። አታፍሩ፤ ጭራችሁም አታስተካክሉ።

ታሪኩ እዚያ አላበቃም። በ2019 ሳይመንድስ ተመልሳ ያንኑ ያንሲን አሸነፈችው። በዚያው ምርጫ ዴሞክራቶች ሁለቱንም ምክር ቤቶች ያዙ፤ 55 ለ45 እና 21 ለ19። ከዚያ በፊት የሰዓት ክፍያ ወለልን ከ7.25 ዶላር ከፍ የሚያደርጉ ረቂቆች እዚያው ሪችመንድ ነበር የሚሞቱት። በ2020 አለፈ። በሜይ 2021 ወለሉ 9.50 ሆነ፤ በጃንዋሪ 2023 ደግሞ 12 ዶላር ደረሰ። መኖሪያ ወረቀት የሌለው ሰው ግብሩን ካስገባ መንዳት የሚያስችል ካርድ እንዲያገኝ የፈቀደው ሕግም የዚያ ዓመት ነው። ፓርኪንግ ውስጥም ሬስቶራንት ጓዳም የሚሠራ ዘመድ ያለው ሰው ይህን ልዩነት በደንብ ያውቀዋል። ሕጉን ማን እንዳወጣው ግን ብዙም አንጠይቅም። ሕጉን ትወዱትም ትቃወሙትም ይሆናል፤ እሱ የእናንተ ነው። ብቻ ከየት እንደመጣ እወቁ።

ሌላው ስህተት በየአራት ዓመቱ ብቻ መንቃት ነው። ቨርጂኒያ የስቴት ምርጫዋን የምታደርገው ፕሬዚዳንት በማይመረጥባቸው ዓመታት ነው፤ 2017፣ 2019፣ 2021፣ 2023፣ 2025። ዴሌጌት በየሁለት ዓመቱ፣ ሴናተር በየአራት ዓመቱ። በ2024 ሰልፉ ላይ ፎቶ የተነሣ ወዳጄ በ2025 ምርጫ መኖሩን የሰማው ካለፈ በኋላ ነው። ወንዙን ተሻግራችሁ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ስትገቡ ሒሳቡ ይለወጣል። ሜሪላንድ ሴናተሮቿንም ዴሌጌቶቿንም በአንድ ላይ በየአራት ዓመቱ ነው የምትመርጠው፤ 2018፣ 2022፣ 2026። እዚያ በአብዛኛው አንድ ዲስትሪክት አንድ ሴናተርና ሦስት ዴሌጌት አለው። ለዴሌጌት እስከ ሦስት ሰው መምረጥ እንደሚችል ሳያውቅ አንዱን ብቻ አጥቁሮ የሚወጣ አለ።

ፕራይመሪን፣ ማለትም ፓርቲዎች ዕጩአቸውን የሚለዩበትን ቅድመ ምርጫ፣ መዝለል ደግሞ ከሁሉም የባሰው ይመስለኛል። አሌክሳንድሪያና አርሊንግተን አካባቢ የኖቬምበሩ ውጤት ብዙ ጊዜ አስቀድሞ የታወቀ ነው። እውነተኛው ፉክክር ጁን ላይ፣ ጥቂት ሰው በሚወጣበት ቀን ያልቃል። ሚኒሶታ ውስጥ ፊሊስ ካን የምትባል የምክር ቤት አባል በ1972 ተመርጣ 44 ዓመት ተቀመጠች። ማንም የሚነቀንቃት አልመሰለም። በኦገስት 2016 በራሷ ፓርቲ ፕራይመሪ ኢልሃን ኦማር አሸነፈቻት። የሚኒያፖሊስ ሶማሌዎች ቀኑን አውቀው ነበር የወጡት። ኖቬምበርን ቢጠብቁ ኖሮ የሚመርጡት ነገር አልነበራቸውም። እዚህ ላይ አንድ ልዩነት ልብ በሉ። ቨርጂኒያ ስትመዘገቡ ፓርቲ አትጠይቅም፤ በፕራይመሪው ቀን ከሁለቱ የአንዱን ወረቀት መርጣችሁ ትገባላችሁ። ሜሪላንድ ግን በፓርቲው ካልተመዘገባችሁ የፓርቲው ፕራይመሪ አይከፈትላችሁም።

ግሪን ካርድ ያላችሁ፣ ይህችን አንቀጽ ሁለቴ አንብቧት። ዜግነት ሳይኖር መምረጥ ወንጀል ነው። ከአገር እስከ መባረር ያደርሳል፤ "አላወቅኩም ነበር" ማለትም ላያድን ይችላል። ብዙ ጊዜ ጣጣው የሚጀምረው መንጃ ፈቃድ የሚሰጠው መሥሪያ ቤት፣ ዲኤምቪ ነው። መንጃ ፈቃድ ስታወጡ ስክሪኑ ላይ በመራጭነት መመዝገብ ትፈልጋላችሁ ወይ የሚል ጥያቄ ይመጣል። አዎ አዎ እያላችሁ አትለፉት። በተቃራኒው "ዜጋ ስላልሆንኩ አያገባኝም" ማለትም ልክ አይደለም። ግሪን ካርድ ያለው ሰው ለሚደግፈው ዕጩ በፈቃደኝነት መሥራትና ከራሱ ገንዘብ መለገስ ይችላል።

አድራሻ። ቤት ስንቀይር ባንኩን፣ ስልኩን፣ ኢንሹራንሱን እናሳውቃለን፤ የምርጫ ምዝገባውን እንረሳለን። እኔም አንድ ጊዜ ረስቼ በድሮው ሰፈር ጣቢያ ተሰልፌ ተመልሻለሁ። ባትንቀሳቀሱም ዲስትሪክቱ ራሱ ሊንቀሳቀስ ይችላል። በዲሴምበር 2021 የቨርጂኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት አዲስ የዲስትሪክቶች ካርታ አጽድቋል፤ ከ2023 ምርጫ ጀምሮ ቁጥሮቹ ሁሉ ተለዋውጠዋል። ቅድም ያወራንለት የሳይመንድስ ዲስትሪክት እንኳ አሁን 70ኛ ነው። የድሮውን ቁጥር ይዛችሁ ከምትከራከሩ በአድራሻችሁ ፈልጉ።

ከተመረጡ በኋላስ? እዚህ ላይ ስህተታችን ጊዜ አለማወቅ ነው። የቨርጂኒያ ዴሌጌት የሙሉ ጊዜ ባለሥልጣን አይደለም። ለዓመታት የቆየው ደመወዙ በዓመት 17,640 ዶላር ነው፤ አብዛኛው ሌላ ሥራ አለው። ጉባኤው ጃንዋሪ ሁለተኛ ሳምንት አካባቢ ይከፈትና ሙሉ ቁጥር በሆነው ዓመት 60 ቀን፣ በጎደሎው ዓመት ብዙውን ጊዜ 46 ቀን ይቆያል። በዚያች ጊዜ ውስጥ በሺዎች የሚቆጠሩ ረቂቆች ይገላበጣሉ። ብዙዎቹ የሚሞቱት በትልቁ አዳራሽ አይደለም፤ በማለዳ በሚሰበሰብ፣ ጥቂት ሰዎች ባሉበት ንዑስ ኮሚቴ ውስጥ ነው። እና እኛ መቼ እንሄዳለን? ማርች ላይ፣ ሁሉ ነገር ካለቀ በኋላ፣ አሥራ አምስት ሆነን፣ ኬክ ይዘን። ሐሳብ ካላችሁ ሴፕቴምበርና ኦክቶበር ላይ ሂዱ። ሁለት ሰው ይበቃል። አንድ ገጽ ወረቀት፣ አንድ ጥያቄ። ስለ ኢትዮጵያ ፖለቲካ የሚሰጡት መግለጫ ለፎቶ ያምራል እንጂ በእነሱ እጅ ያለ ጉዳይ አይደለም።

አሁን ደግሞ ራሳችን መወዳደር ጀምረናል። አባቷ ከኢትዮጵያ የመጡት ሳምራ ብሩክ በ2020 ሮቸስተር አካባቢ በሪፐብሊካን እጅ የነበረውን ወንበር ወስዳ የኒውዮርክ ስቴት ሴናተር ሆናለች። ሐበሻ ሞልቶ የተረፈበት ሰፈር አይደለም። "የሐበሻው ድምፅ ይበቃኛል" ብሎ የሚነሣ ሰው ይህን ይይ። ቨርጂኒያ ውስጥ አንድ ዴሌጌት ወደ 86 ሺህ ሰው ነው የሚወክለው። ኔቫዳ ላይ ደግሞ በ2018 የተመረጠው አሌክሳንደር አሰፋ፣ በመኖሪያ አድራሻውና በዘመቻ ገንዘቡ ላይ ምርመራ ከተከፈተ በኋላ በጃንዋሪ 2021 ወንበሩን ለቋል። የት እንደምትኖሩና የዘመቻው ገንዘብ የት እንደዋለ ከመጀመሪያው ቀን በወረቀት ይያዝ።

ከዚያ ፊርማ አለ። ቨርጂኒያ ውስጥ ለዴሌጌት ዕጩ ለመሆን በዲስትሪክቱ የሚኖሩ የ125 መራጮች ፊርማ ያስፈልጋል፤ ለሴናተር 250። ቀላል ይመስላል። ባራክ ኦባማ በ1996 ወደ ኢሊኖይ ሴኔት ሲገባ ግን ተፎካካሪዎቹን ያስወጣው በፊርማቸው ነው። ወንበሩን ይዛ የነበረችው አሊስ ፓልመር ጭምር ፊርማዋ ተጣርቶ ከወረቀቱ ወጣች፤ እሱ ፕራይመሪውን ብቻውን ሮጠ። የእኛ ሰው ደግሞ ቅዳሜ ማታ ሬስቶራንት ገብቶ ሃምሳ ፊርማ ይዞ ይወጣል። ግማሹ ከሜሪላንድ የመጣ፣ ሩቡ ገና ግሪን ካርድ የያዘ ነው። እንዲህ ዓይነት ዕጩ ጠረጴዛችሁ ጋ ከመጣ፣ ብዕሩን ሳትቀበሉ አድራሻችሁን ጠይቆ እንደሆነ እዩ።