ለሄድፎን አምፕሊፋየር የሚሆኑ የቆዩ ቫኩም ቲዩቦች፦ አለያየታቸውና አሰባሰባቸው

የቆየ ቫኩም ቲዩብ (አየሩ በወጣለት ብርጭቆ ውስጥ ባሉ ብረቶች የድምፅ ምልክትን የሚያጎላ ዕቃ) ለመግዛት የሚነሣ ሰው ብዙውን ጊዜ አስቀድሞ የሚያየው በብርጭቆው ላይ የታተመውን የድርጅት ስም ነው። ስሙ ግን ከማስረጃዎቹ ሁሉ ደካማው ነው። ቲዩብ በገፍ ይመረት በነበረበት ዘመን አንድ ፋብሪካ ትእዛዝ ሲበዛበት ወይም አንዱን ዓይነት ራሱ መሥራት ሲያቆም ከተፎካካሪው ገዝቶ የራሱን ስም ያትምበት ነበር። ስለዚህ የአንዱ ስም ባለበት ካርቶን ውስጥ የሌላው ሥራ ቢገኝ የግድ ተጭበርብሯል ማለት አይደለም፤ የጊዜው የንግድ ልማድ ነበር። በዚህ ላይ ዛሬ የድሮውን ጽሑፍ አጥፍቶ ውድ ስም የሚያትም ሻጭ ይታከልበታል። ቲዩቡን ማን፣ የትና መቼ እንደ ሠራው በደንብ የሚናገሩት በብርጭቆው ውስጥ ያለው የብረት አሠራርና በመስታወቱ ላይ ያለው የፋብሪካ ኮድ ናቸው።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን አምፕሊፋየሩ የሚፈልገውን ማወቅ ያስፈልጋል። ሁለት ቲዩቦች በመልክ፣ በእግር ብዛትና በሶኬት ቢመሳሰሉም የእግሮቻቸው ሥራና የሂተራቸው (ቲዩቡን ከውስጥ የሚያሞቀው ሽቦ) ፍላጎት ሊለያይ ይችላል። 12ኤዩ7 እና 6ዲጄ8 ሁለቱም ዘጠኝ እግር ያላቸው ድርብ ትራዮዶች፣ ማለትም በአንድ ብርጭቆ ሁለት የማጉያ ክፍል ያላቸው ናቸው፤ ሆኖም በ12ኤዩ7 9ኛው እግር የሂተሩ መካከለኛ ጫፍ ሲሆን፣ በ6ዲጄ8 ሁለቱን ትራዮዶች የሚለየው የውስጥ መከለያ የተያያዘበት ነው። እግራቸው በትክክል ሲገጥም ደግሞ የሂተሩ ኃይል ጥያቄ ይከተላል። 6ዲጄ8 በ6.3 ቮልት 365 ሚሊአምፔር ይወስዳል፤ የሶቪየቱ 6ኤን1ፔ በዚያው ሶኬት ቢገባም 600 ሚሊአምፔር ስለሚፈልግ ትራንስፎርመሩ ትርፍ አቅም ከሌለው ይግላል፣ እየቆየም ሊቃጠል ይችላል። ከ6ዲጄ8 ጋር በቅርብ የሚቀራረበው ሌላው የሶቪየት ቲዩብ 6ኤን23ፔ ሲሆን የሚወስደውም ወደ 300 ሚሊአምፔር ገደማ ነው። በኦክታል (ባለ ስምንት እግር) ሶኬት በኩልም 6ኤስኤን7 እና 12ኤስኤን7 ከሂተራቸው በቀር አንድ ናቸው፤ የመጀመሪያው 6.3 ቮልት፣ ሁለተኛው 12.6 ቮልት ይፈልጋል። በየገበያው «ይተካካሉ» የሚል ዝርዝር ሲያጋጥም እያንዳንዱን ስም ከዳታ ሺቱ (ከአምራቹ የመለኪያ ዝርዝር) ጋር ማመሳከር ይገባል፤ እንዲህ ያሉ ዝርዝሮች አብዛኛውን ጊዜ የሚያዩት እግሩን እንጂ ሂተሩን አይደለም።

የአምፕሊፋየሩ ዓይነትም ምርጫውን ይወስናል። ያለ መውጫ ትራንስፎርመር የሚሠሩ አምፕሊፋየሮች በውጤት በኩል ብዙውን ጊዜ 6ኤኤስ7 ወይም 6080 ይጠቀማሉ፤ እነዚህ በመጀመሪያ ለቮልቴጅ ማረጋጊያ የተሠሩ ሲሆኑ ሂተራቸው ብቻ 2.5 አምፔር ይወስዳል። እንዲህ ያለው አምፕሊፋየር እንደ ሴንሃይዘር ኤችዲ 650 ባለ 300 ኦም ወይም ከዚያ በላይ ባለ ሄድፎን ይስማማል፤ 32 ኦም ለሆነ ሄድፎን ግን ውድ ቲዩብ መግዛት ጉድለቱን አያርመውም። በዚህ ዓይነት መሣሪያ በድምፁ ላይ የሚሰማ ለውጥ የሚያመጣው አብዛኛውን ጊዜ በመግቢያው ያለው ትንሹ ቲዩብ ነው፤ ስለዚህ ገንዘብ ውስን ከሆነ መጀመሪያ እዚያ ላይ ማዋል ይሻላል ባይ ነኝ።

አሁን ወደ ስሞቹ እንምጣ። በቲዩብ ላይ በላቲንና በሩሲያ ፊደል የሚጻፉትን እዚህ በንባባቸው አስፍሬያቸዋለሁ። በአሜሪካ አሰያየም የመጀመሪያው ቁጥር የሂተሩን ቮልቴጅ በግምት ያሳያል፤ የአውሮፓው ግን የበለጠ ይናገራል። በ«ኢሲሲ83» ውስጥ «ኢ» ባለ 6.3 ቮልት ሂተር ማለት ነው፤ በቦታው «ፒ» ቢኖር ሂተሩ በ300 ሚሊአምፔር በተከታታይ ለማያያዝ የተሠራ ነው። እያንዳንዱ «ሲ» አንድ ትራዮድን ይወክላል፣ በ8 የሚጀምር ሁለት አሃዝ ደግሞ ባለ ዘጠኝ እግር መሠረትን ያመለክታል። ፊደሎቹና ቁጥሮቹ ቦታ ተለዋውጠው «ኢ88ሲሲ» ሲሆን ረጅም ዕድሜና ጥብቅ መለኪያ ያለው የተሻለ ደረጃ ነው፤ በአሜሪካ ቁጥሩ 6922 ይባላል። ተራው ኢሲሲ88 (የአሜሪካው 6ዲጄ8) በፕሌቱ፣ ማለትም ኤሌክትሮኖችን በሚቀበለው የውጭ ብረት፣ የሚችለው 130 ቮልት ሲሆን ኢ88ሲሲ እስከ 220 ቮልት ይችላል፤ አምፕሊፋየሩ ለ6922 ከተነደፈ ተራውን መክተት አደጋ አለው።

ቲዩቡን በእጅ ይዘው ወይም በጥሩ ፎቶ ሲመረምሩ ከላይ ወደ ታች ይሂዱ። በብርጭቆው ውስጥ በብር መልክ የሚያብረቀርቀው ሽፋን ጌተር ይባላል፤ ከባሪየም የተሠራ ሲሆን ሥራው የተረፈውን ጋዝ መምጠጥ ነው። ጌተሩን የተሸከመውን የብረት ቅርጽ ያስተውሉ፤ አራት ማዕዘንና የ«ዲ» ቅርጽ ያላቸው በአብዛኛው የ1950ዎቹ ሲሆኑ ክብ ቀለበቱ ከ1950ዎቹ ማብቂያ ወዲህ እየበዛ መጥቷል። ቀጥሎ ፕሌቶቹን ይመልከቱ፤ ቀለማቸው ግራጫ ነው ወይስ ጥቁር፣ ገጻቸው ለስላሳ ነው ወይስ ባለ ሽንትር፣ ቁመታቸው ረጅም ነው ወይስ አጭር? ከላይና ከታች የሚይዟቸው የማይካ ሳህኖች ጠርዝም ከፋብሪካ ፋብሪካ ይለያያል። እነዚህን ለመለየት ከማንበብ ይልቅ ማንነታቸው የተረጋገጠ ቲዩቦችን ፎቶ በብዛት ማየት ይበልጥ ያስተምራል። ለምሳሌ በ6ኤስኤን7 በኩል በጣም የሚፈለገው የቱንግ-ሶል ባለ ክብ ፕሌት ጥቁር ብርጭቆ ነው፤ ብርጭቆው በውስጡ ጥቁር ስለ ተቀባ ፕሌቱን ለማየት በቀጭን መብራት ከታች ማብራት ያስፈልጋል፣ ሻጩ ይህን ፎቶ ሊያነሣ ካልፈቀደ ግን ዋጋውን እንደ ተራ ቲዩብ መቁጠር ነው። በዚሁ ቤተሰብ ውስጥ ከስሙ መጨረሻ «ጂቲኤ» ወይም «ጂቲቢ» የተጻፈባቸው ከመጀመሪያው «ጂቲ» የሚበልጥ ኃይል ይችላሉ፤ የሚፈለገው የድሮው መሆኑ የድምፅ ምርጫ ጉዳይ ነው እንጂ የአዲሱ ድክመት አይደለም።

ከኮዶቹ ሁሉ ጠቃሚው የፊሊፕስ ቤተሰብ ኮድ ነው፤ ሙላርድ፣ አምፐሬክስና ቫልቮም ይጠቀሙበት ነበር። በብርጭቆው ግርጌ አጠገብ በሁለት አጭር መስመር በደብዛዛ ግራጫ ይገኛል። የላይኛው መስመር የቲዩቡ ዓይነት ነው፤ «ጂኤ» ኢሲሲ88ን፣ «7ኤል» ኢ88ሲሲን ያመለክታል፣ የሚከተለው ቁጥር ደግሞ የንድፉ ማሻሻያ ነው። በታችኛው መስመር የመጀመሪያው ምልክት ፋብሪካውን ይነግራል፤ ሦስት ማዕዘን የሆላንዱን ሄርለን፣ «ቢ» የእንግሊዙን ብላክበርን፣ «ዲ» ሃምቡርግን ያመለክታል። ቀጥሎ የዓመቱ የመጨረሻ አሃዝ፣ ከ«ኤ» እስከ «ኤል» ባለ ፊደል ወሩ፣ ሲኖር ደግሞ የወሩ ሳምንት ይከተላል። «ቢ5ዲ3» የሚል ቢገኝ ብላክበርን፣ በ5 የሚያልቅ ዓመት፣ ሚያዝያ፣ ሦስተኛ ሳምንት ተብሎ ይነበባል፤ ዓመቱ 1955 ይሁን 1965 የሚፈርደው የጌተሩ ቅርጽና የንድፉ ማሻሻያ ቁጥር ነው። «7ኤል» ካልተጻፈበት በላዩ ላይ 6922 ቢታተምም ተራ ኢሲሲ88 ሊሆን ይችላል፤ በዚህ ዓይነቱ የስም ለውጥ ብዙ ሰው ይታለላል።

የአሜሪካ ቲዩቦች ባለ ሦስት አሃዝ የአምራች ቁጥር ይይዛሉ፤ 274 አርሲኤ፣ 312 ሲልቫንያ፣ 322 ቱንግ-ሶል፣ 188 ጄነራል ኤሌክትሪክ ነው። ከዚያ በኋላ ዓመቱና የዓመቱ ሳምንት ይመጣል፤ 3226215 ማለት ቱንግ-ሶል፣ 1962፣ 15ኛው ሳምንት ነው። «ጃን» የሚል ቃል ካለ ለጦር ኃይል የተሠራ ነው፤ ለጥራቱ ፍተሻ ማስረጃ ቢሆንም ለድምፁ ዋስትና አይሰጥም። በሶቪየት ቲዩቦች ላይ የፋብሪካው ዓርማ፣ ወሩ አንዳንዴ በሮማውያን ቁጥር፣ ዓመቱም በሁለት አሃዝ ይጻፋል፤ በስሙ መጨረሻ ያለው «ዬቬ» ረጅም ዕድሜና ከፍተኛ አስተማማኝነት ማለት ነው። በቴሌፉንከን ዘንድ ደግሞ በእግሮቹ መካከል በመስታወቱ ላይ ተቀርጾ የሚወጣ ትንሽ የአልማዝ ቅርጽ አለ፤ በጣት ሲነካ ይሰማል። በቀለም የታተመ አልማዝ ብቻውን ምንም አያረጋግጥም።

ጽሑፉ ከደበዘዘ ትንፋሽ ማሳረፍ ወይም ብርጭቆውን ለጥቂት ጊዜ ማቀዝቀዝ ይረዳል፤ እርጥበቱ ሲያርፍበት የጠፋው ፊደል ለአፍታ ይታያል። በአልኮል ወይም በጨርቅ አይጥረጉት፤ ቀለሙ በደረቅ ጣት እንኳ ሊነሣ የሚችል ነው፣ ቲዩቡም ከስሙ ጋር ዋጋውን ያጣል።

ስለ ጤንነቱ ደግሞ አንዱ ምልክት ወሳኝ ነው፤ ጌተሩ ነጭ እንደ ወተት ከሆነ አየር ገብቷል፣ ቲዩቡም ሞቷል። ጠርዙ ቡናማና የሳሳ ጌተር ብዙ የሠራ መሆኑን ይጠቁማል እንጂ ፍርድ አይሰጥም፣ ምክንያቱም አንዳንድ ዓይነቶች ገና ከፋብሪካ ሲወጡ ትንሽ ጌተር ነበራቸው። ሻጩ የፍተሻ ውጤት ሲያቀርብ ቁጥሩን ብቻ አይቀበሉ፤ መሣሪያው ምን እንደሆነና በዚያ መሣሪያ የአዲስ ቲዩብ ንባብ ስንት እንደሆነ ይጠይቁ። የተሻለው ፍተሻ ትራንስኮንዳክታንስን (በመግቢያው ቮልት ሲለወጥ የቲዩቡ ከረንት ምን ያህል እንደሚለወጥ) የሚለካ ሲሆን፣ የ6ኤስኤን7 መደበኛ ዋጋ 2.6፣ የ6ዲጄ8 ደግሞ 12.5 ሚሊአምፔር በቮልት ነው። ሁለቱ ትራዮዶች በጣም ከተራራቁ የግራና የቀኝ ጆሮ ድምፅ መጠን ይለያያል፣ ይህም በሄድፎን ወዲያውኑ ይታወቃል።

መለኪያው የማይነግርዎት ማይክሮፎኒክስን ነው፤ የቲዩቡ ውስጥ ክፍሎች ሲንቀጠቀጡ በድምፅ መልክ መሰማታቸው ማለት ነው። በስፒከር የማይሰማ ትንሽ ፉጨት ወይም ጩኸት ሄድፎን ላይ ያሰለቻል፤ ስለዚህ ሻጩ በሄድፎን አምፕሊፋየር ላይ ሞክሮት እንደሆነና መመለስ የሚቻል መሆኑን አስቀድሞ ማረጋገጥ ይገባል። ከዋጋ አንጻር ስመ ጥሩን ከማሳደድ ይልቅ በሌላ ስም የታተመውን ተመሳሳይ ሥራ መፈለግ ይሻላል፤ ውስጡን ማንበብ የሚችል ሰብሳቢ ሌላው ያላወቀውን የሄርለን ወይም የብላክበርን ሥራ በተራ ስም ዋጋ ያገኘዋል።

ሲደርስ በመጀመሪያ እግሮቹ መቃናታቸውን ይዩ፤ የተጣመመ የዘጠኝ እግር ቲዩብ በግድ ሲገባ መስታወቱ ከእግሩ ሥር ይሰነጠቃል። በኦክታል ቲዩብ ብርጭቆው ከመሠረቱ ጋር ላልቶ ከሆነ ሲያወጡት መሠረቱን ይያዙ። ቲዩብ የሚቀየረው አምፕሊፋየሩ ጠፍቶ፣ ከግድግዳው ሶኬት ተነቅሎና ቀዝቅዞ ነው፤ ክዳኑን መክፈት ካስፈለገ ደግሞ በውስጡ ከ100 ቮልት በላይ ሊኖር ስለሚችልና ካፓሲተሮች ከጠፋ በኋላም ኃይል ስለሚይዙ ነገሩን ለሚያውቅ ሰው ይተዉት። አዲስ የገባ ቲዩብ መጀመሪያ ሲበራ ሄድፎኑ ተነቅሎ ይቆይ፤ ጥቂት ደቂቃ ሞቆ ፕሌቱ ካልቀላና ያልተለመደ ሽታ ካልመጣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ርካሽ ሄድፎን በመሰካት ጩኸት መኖር አለመኖሩን ይሞክሩ፤ ዋናው ሄድፎን የሚሰካው ከዚያ በኋላ ነው። የሰበሰቡትን እያንዳንዱን ቲዩብ ኮዱን፣ የፍተሻ ውጤቱንና የገዙበትን ቀን በትንሽ ወረቀት ጽፈው ከካርቶኑ ጋር ያኑሩት፤ በብርጭቆው ላይ ግን አይለጥፉ፣ ሙጫው ሲነሣ የታተመውን ስም ይዞት ይሄዳልና።