ሶስት መኪና ተከታትሎ ሲጋጭ፦ መሃለኛው ገፊ ነው ተገፊ?

«ጥፋቱ ሁሌም የኋለኛው ነው» የሚባለው ግማሽ እውነት ነው። ቁም ነገሩ መሃለኛው ቆሞ ሳለ ተገፍቶ ነው የፊተኛውን የመታው ወይስ ራሱ ቀድሞ ገጭቶ? የፊተኛውን ሹፌር ወዲያው «ስንቴ ተመታህ?» በሉት። አንዴ ከሆነ ምናልባት መሃለኛው ተገፍቷል፤ ሁለቴ ከሆነ ግን መጀመሪያ የገጨው ራሱ መሃለኛው ሳይሆን አይቀርም።

ብረቱም ይመሰክራል። ፍሬን የያዘ መኪና አፍንጫው ወደ መሬት ስለሚደፋ የፊተኛውን ፓራውልት ዝቅ ብሎ ነው የሚመታው፤ ስለዚህ ምቱ ዝቅ ያለ ከሆነ መሃለኛው እየነዳ ፍሬን ይዞ ራሱ ገጭቶ ሊሆን ይችላል። የመሃለኛው ኮፈን ተጨማዶ ኋላው ጭረት ብቻ ካለው «ተገፋሁ» ማለቱ ብዙ አያስኬድም።

የተጎዳ ሰው ካለ ቅድሚያ ለእሱ ነው። ካልሆነ ትራፊክ ፖሊስ ፕላን (የአደጋውን ቦታ ንድፍ) ሳያነሳ መኪናውን አታንቀሳቅሱ። የጎማ ምልክቱን፣ የመስታወት ስብርባሪውን፣ በመኪኖቹ መካከል ያለውን ርቀት ከሩቅም ከቅርብም ፎቶ አንሱ። ብዙ ሰው የተጨረማመተውን ብቻ አንስቶ መንገዱን ይረሳል።

ይህ ሁሉ ለምን? የኢትዮጵያ ፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2084 ሁለት መኪኖች ሲጋጩ የአንዱ ጥፋት ካልተረጋገጠ እኩል እንዳደረሱት ቆጥሮ ኪሳራውን ለሁለት ይከፍለዋል። ማስረጃ ያልያዘ ሹፌር ሳያጠፋም ግማሹን ሊሸከም ይችላል። ካሳ ለመጠየቅ ያለው ጊዜም 2 ዓመት ነው።