ላውንጅ የት ይከፈልበታል? ከቦሌ ለሚነሳ መንገደኛ

ከፒያሳ፣ ከአራት ኪሎ ወይም ከሜክሲኮ ተነስቶ ቦሌ ለሚሄድ ሰው ላውንጅ፣ ማለትም አየር ማረፊያ ውስጥ ያለውን የተለየ ማረፊያ ክፍል፣ በገንዘብ መግዛት ብዙ ጊዜ ኪሳራ ነው። ቤቱ በልቶ፣ ገላውን ታጥቦ፣ ቡናውን ጠጥቶ ነው የወጣው፤ አየር ማረፊያውም ከመሀል ከተማ ሩቅ አይደለም። ቼክ ኢን፣ ኢሚግሬሽንና ፍተሻ ካለቀ በኋላ የሚተርፈው ጊዜ ሶፋ ላይ ተመቻችቶ ለመቀመጥ እንኳ አይበቃም። ላውንጅ ዋጋውን የሚያወጣው መንገድ መሀል ላይ ነው፦ ዱባይ ሰባት ሰዓት መጠበቅ ሲኖር፣ ከረጅም በረራ በኋላ ገላ መታጠብ ሲያስፈልግ፣ ሕፃን ይዞ ፀጥ ያለ ጥግ ሲፈለግ። ስለዚህ ቦሌ ላይ በመብትዎ ይግቡ፤ የሚከፍሉት ካለ ለመሸጋገሪያው ያስቀምጡት።

መጀመሪያ፣ መብት አለዎት ወይ?

ብዙ ሰው ሳይከፍል ሊገባበት ለሚችለው ቦታ ይከፍላል። ከዚህ የሚብሰው ደግሞ የሌለውን መብት ተማምኖ በር ላይ መመለስ ነው። መብቱ ከሁለት ነገር ይመጣል፤ ከትኬቱ ወይም ከታማኝ ደንበኛ ካርድ።

በትኬት ከሆነ ቦርዲንግ ፓሱ ላይ የተጻፈው ክላስ ይወስናል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቢዝነስ ክላስ ክላውድ ናይን ይባላል፤ ቦሌ ያለው የቢዝነስ ላውንጅም በዚሁ ስም ይጠራል። እንጀራና ወጥ እንዲሁም ባህላዊ ቡና የሚቀርብበት ስለሆነ፣ ዓለም አቀፍ ላውንጅ ብዙ ላየ ሰውም የተለየ ነው።

በካርድ ከሆነ አየር መንገዱ ከታኅሣሥ 2004 ዓ.ም. ጀምሮ ስታር አሊያንስ የሚባለው የአየር መንገዶች ኅብረት አባል መሆኑን ያስታውሱ። የአየር መንገዱ የታማኝ ደንበኛ ፕሮግራም የሆነው የሼባ ማይልስ ጎልድና ፕላቲነም ካርድ በኅብረቱ ዘንድ ስታር አሊያንስ ጎልድ ተብሎ ይቆጠራል። ባለካርዱ ኢኮኖሚ ክላስ ቢሳፈርም ላውንጅ ይገባል፤ በአባል አየር መንገድ የሚበር አንድ እንግዳም ይዞ መግባት ይችላል። እዚህ ላይ ብዙዎችን የሚያስገርም ነገር አለ። ጎልድ ካርድ የሌለው የቢዝነስ ክላስ መንገደኛ በስታር አሊያንስ ሕግ እንግዳ የማስገባት መብት የለውም። ባል ቢዝነስ፣ ሚስት ኢኮኖሚ ተሳፍረው «አብረን ነን» ቢሉ በር ላይ የሚለያዩት በዚህ ነው። ጎልድ ካርድ ያለው የኢኮኖሚ መንገደኛ ግን ጓደኛውን ይዞ ዘው ይላል።

ሁለተኛው ስህተት ካርዱን ከሰው ጋር ብቻ ማያያዝ ነው። መብቱ ካርዱና በረራው ሲገጥሙ ነው የሚሠራው። ጎልድ ካርድ ይዘው በኢሚሬትስ ወይም በኳታር ኤርዌይስ ቢሳፈሩ፣ ሁለቱም የስታር አሊያንስ አባል ስላልሆኑ ካርዱ ምንም አያደርግልዎትም። በሉፍታንዛ፣ በተርኪሽ ወይም በዩናይትድ ቢሄዱ ይሠራል። ትኬት ሲቆርጡ በረራውን በትክክል የሚያበረው ማን እንደሆነ ይጠይቁ፤ ትኬቱን የሸጠውና አውሮፕላኑን የሚያበረው የተለያዩ ሊሆኑ ይችላሉ፣ የሚታየውም አብራሪው አየር መንገድ ነው።

ማይል፣ ማለትም በመብረር የሚገኘውን ነጥብ፣ የሚያጠራቅም ሰው ደግሞ ርካሽ የትኬት ዓይነት የሚያስገኘው ማይል አነስተኛ መሆኑን ይወቅ። የሼባ ማይልስ ቁጥርዎን ግን ትኬቱ የቱንም ያህል ርካሽ ቢሆን ያስመዝግቡ፤ ምዝገባው ነፃ ነው።

የአባልነት ካርድ ሒሳብ

መብት ከሌለ ገንዘብ ይመጣል። ከሁሉም የታወቀው ፕራዮሪቲ ፓስ ነው፤ ከ1992 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ የላውንጅ አባልነት ሲሆን የየትኛውም አየር መንገድ ተሳፋሪ፣ ኢኮኖሚም ይሁን ቢዝነስ፣ ይጠቀምበታል። በአሜሪካ የዋጋ ዝርዝሩ ሦስት ደረጃ አለው። ስታንዳርድ በዓመት 99 ዶላር ሆኖ ለእያንዳንዱ ጉብኝት (ላውንጅ አንድ ጊዜ ለመግባት) 35 ዶላር ይጨመርበታል። ስታንዳርድ ፕላስ 329 ዶላር ሲሆን 10 ጉብኝት ይዟል፤ ከዚያ በላይ ያለው በ35 ዶላር ነው። ፕሬስቲጅ 469 ዶላር ነው፤ ለባለካርዱ ገደብ የለውም። እንግዳ በሦስቱም ላይ ለየብቻ ይከፈልበታል። ዋጋው ስለሚከለስ በሚገዙበት ቀን ድረ ገጹን ይዩ፤ የስሌቱ መንገድ ግን አይለወጥም።

ስሌቱ ይኸው። በዓመት አንድ ጊዜ በዱባይ በኩል ደርሶ መልስ የሚሄድ ሰው ሁለት ጉብኝት ይኖረዋል። በስታንዳርድ 99 ሲደመር 70፣ 169 ዶላር ይሆናል፤ አንዱ ጉብኝት 84 ዶላር ከ50 ሳንቲም ወጣ ማለት ነው። በዚህ ዋጋ ማንም አይግዛ። ስታንዳርድ ከሌሎቹ ሁለቱ የሚረክሰው እስከ ስድስት ጉብኝት ነው (309 ዶላር)። ሰባተኛው ላይ 344 ስለሚደርስ ፕላስ ይሻላል። ፕላስ በበኩሉ 14ኛው ጉብኝት ላይ ልክ 469 ይገባና ከፕሬስቲጅ ጋር ይስተካከላል። በሌላ አነጋገር፣ በዓመት ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ላውንጅ የሚገባ ሰው አባልነት አያስፈልገውም፤ ለአንድ ጊዜ መግዛት ይበቃዋል።

ከባንክ ካርድ ጋር «በነፃ» የሚመጣ የላውንጅ መብትም አለ፤ ቪዛና ማስተርካርድ ለአንዳንድ ካርዶቻቸው ይሰጣሉ። ካርዱን ያወጣው ባንክ በዓመት ስንት ጉብኝት እንደፈቀደና የእንግዳ ክፍያ ከየት እንደሚቆረጥ በጽሑፍ ይጠይቁ። በር ላይ ካርዱ ሲነበብ ስንት ሰው እንደተመዘገበ አይተው ይፈርሙ። ሕፃኑ እንደ አንድ እንግዳ ተቆጥሮ ከወር በኋላ ከሒሳብ ላይ 35 ዶላር ሲጎድል ማን ይመልስልዎታል?

ለአንድ ጊዜ መግዛት፣ ከአዲስ አበባ ሆኖ

ላውንጅ ፓስን በመሰሉ የሽያጭ ድረ ገጾች ወይም በላውንጁ በራሱ ድረ ገጽ ቀኑንና ሰዓቱን መርጦ ይገዛል። ችግሩ ክፍያው ነው። በብር የሚሠራው የተለመደው የኤቲኤም ካርድ በውጭ ድረ ገጽ አይከፍልም። የውጭ ምንዛሪ ሒሳብ ላይ የተያያዘ ካርድ፣ ወይም ለጉዞ ከባንክ ዶላር ሲፈቀድልዎ የሚሞላ ቅድመ ክፍያ ካርድ ያስፈልጋል። ቪዛና የደርሶ መልስ ትኬት ይዘው ባንክ ሲሄዱ ጥሬ ዶላሩን ብቻ ሳይሆን ካርዱንም አብረው ይጠይቁ።

ሌላው መንገድ ውጭ ያለ ዘመድ ነው። የአባልነት ካርድ ለሌላ ሰው አይተላለፍም፤ የአክስትዎ ልጅ ፕሬስቲጅ ካርድ ቢኖራት በእርሷ ካርድ ብቻዎን መግባት አይችሉም። የአንድ ጊዜ ቫውቸር (አስቀድሞ የተከፈለበት የመግቢያ ወረቀት) ግን በተሳፋሪው ስም ስለሚወጣ ቨርጂኒያ ያለች እህት ልትገዛልዎት ትችላለች። ስሙን እንዴት እንደምትጽፍ ግን ይንገሯት። ቫውቸሩ ላይ የሚሰፍረው በፓስፖርትዎ ላይ ባለው ፊደል አጻጻፍና በቦርዲንግ ፓሱ ቅደም ተከተል መሆን አለበት። በአባት ስም ተገዝቶ ቦርዲንግ ፓሱ ላይ የአያት ስም ሲመጣ፣ የበሩ ሠራተኛ ሁለት የተለያዩ ሰዎች ሆነው ይታዩታል።

ሰዓቱ ደግሞ ዋናው ወጥመድ ነው። ትኬት ላይ «ማርች 15፣ 00:30» ካለ በእኛ ከሌሊቱ 6:30፣ ለመጋቢት 6 አጥቢያ ነው። ከቤት የሚወጡት በመጋቢት 5 ምሽት ነው፤ ከእኩለ ሌሊት በፊት ላውንጅ ለመግባት ካሰቡ የሚገዙት ለማርች 14 ምሽት ነው። ቫውቸር በተሳሳተ ቀን ገዝቶ መመለስ አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ከዚህ ነው። ዱባይ ከአዲስ አበባ በአንድ ሰዓት ስለሚቀድም የመድረሻ ሰዓቱን በአገሩ ሰዓት ያስሉ።

ማወዳደር

ፎቶ አይዩ። ሁሉም ላውንጅ በፎቶ ያምራል። በመጀመሪያ የሚታየው ቦታው ነው፦ የትኛው ተርሚናል፣ የትኛው ኮንኮርስ (የመሳፈሪያ በሮች ያሉበት የተርሚናሉ ክንፍ)፣ ከፓስፖርት ቁጥጥር በፊት ወይስ በኋላ። ዱባይ ላይ ኢሚሬትስ ተርሚናል 3፣ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ደግሞ ተርሚናል 1 ነው የሚጠቀሙት። ማርሃባ የሚባሉት ላውንጆች በሁለቱም ስላሉ ስሙን ብቻ አይቶ መግዛት የተሳሳተ ሕንፃ ውስጥ ያለ ቦታ ያስገዛል። በኢትዮጵያ አየር መንገድ ከሆነ የሚሄዱት ተርሚናል 1፣ ኮንኮርስ ዲ የሚለውን ይፈልጉ።

አውሮፓ ላይ የቪዛ ነገር ይጨመራል። የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው ፍራንክፈርት አውሮፕላን ለመቀየር እንኳ የአየር ማረፊያ ትራንዚት ቪዛ ያስፈልገዋል፤ የሚሠራ የአሜሪካ ወይም የካናዳ ቪዛ ካለው ግን ነፃ ይሆናል። ነፃ ቢሆንም የሼንገንን (በአንድ ቪዛ የሚገባባቸውን የአውሮፓ አገሮች) ድንበር አያልፍም። ስለዚህ ከአዲስ አበባ በፍራንክፈርት ወደ ዋሽንግተን የሚሄድ ሰው በኤ በሮች የሼንገን ክልል ውስጥ ያለ ላውንጅ ቢገዛ ሊደርስበት አይችልም። ከሼንገን ውጭ ባለው ክልል መሆኑን አረጋግጦ መግዛት ነው።

ቀጥሎ የቆይታ ገደብ አለ። አብዛኛው በክፍያ የሚገባ ላውንጅ የሚፈቅደው ሦስት ሰዓት ነው፤ አንዳንዱ ደግሞ በረራው ከመነሳቱ ከሦስት ሰዓት ቀደም ብሎ አያስገባም። ሰባት ሰዓት የሚጠብቅ ሰው ከአውሮፕላን እንደወረደ ቢሮጥ «ከአራት ሰዓት በኋላ ተመለስ» ሊባል ይችላል። መጀመሪያውን ጊዜ በሩ አካባቢ ወንበር ላይ አሳልፎ የመጨረሻዎቹን ሦስት ሰዓታት ላውንጅ ውስጥ ማድረግ ይሻላል፤ ታጥቦ፣ በልቶ፣ ስልክ ሞልቶ በቀጥታ ወደ አውሮፕላን።

ከዚያ የሚያስፈልግዎትን ብቻ ይፈትሹ። ሻወር ካለ በዋጋው ውስጥ ነው ወይስ ለብቻው ይከፈልበታል? ትኩስ ምግብ አለ ወይስ ብስኩትና ሳንድዊች ብቻ? ሌሊት ክፍት ነው? ልጆች ከስንት ዓመት ጀምሮ ይከፍላሉ? በጾም የሚሄዱ ከሆነ «ጾመኛ ነኝ» ማለት ውጭ አገር ብዙ አያግባባም፤ ሥጋ፣ ወተትና እንቁላል የሌለበትን ለማግኘት «ቪጋን» የሚለው ቃል ይሠራል። ሾርባው የተሠራው በምን እንደሆነ ግን መጠየቅ አይርሱ፤ አትክልት ይመስልና ቅቤ ወይም የዶሮ መረቅ ይገኝበታል።

በመጨረሻ ዋጋውን ውጭ ከሚያወጡት ጋር ያስተያዩ። ብቻውን የሚሄድና ከአራት ሰዓት በላይ የሚጠብቅ ሰው ምግብ፣ ውሃ፣ ሁለት ቡናና ሻወር ሲደምር ሠላሳ ምናምን ዶላር ላይ ይደርሳል፤ ይግዛ። አራት ሆኖ የሚሄድ ቤተሰብ ግን በ35 ዶላር ሒሳብ 140 ይከፍላል፤ በዚህ ገንዘብ ምግብ ቤት ተቀምጦ መብላት ይረክሳል። ከሁለት ሰዓት በታች ለሚጠብቅ ሰው ማወዳደሩም ጊዜ ማባከን ነው። ከአስር ሰዓት በላይ ከሆነ ደግሞ የሚፈለገው አልጋ እንጂ ሶፋ አይደለም።

በነገራችን ላይ በአዲስ አበባ በኩል ወደ ሌላ አገር የሚያልፍ ዘመድ ካለዎት፣ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከ8 እስከ 24 ሰዓት ለሚጠብቁ የራሱ ትራንዚት መንገደኞች ሆቴል እንደሚሰጥ ይንገሩት። ከዚህ ያጠረ ግንኙነት በረራ እያለ በራሱ ፍላጎት ረጅሙን የመረጠ ሰው ግን ላያገኝ ይችላል። ሆቴል ካገኘ ላውንጅ ምን ያደርግለታል?

በር ላይ

ቦርዲንግ ፓስ፣ ፓስፖርትና ካርዱ ወይም ቫውቸሩ ይፈለጋሉ። የስልክ ባትሪ እንዳያሳፍርዎ ቫውቸሩን በወረቀት ይያዙ። አባልነት ቦታ ለመኖሩ ዋስትና አይሆንም፤ ሲሞላ የአየር መንገዱ የራሱ መንገደኞች ይቀድማሉ። ቦሌ ምሽት ከ3 እስከ 6 ሰዓት ወደ አውሮፓ፣ አሜሪካና እስያ የሚሄዱት በረራዎች ተደራርበው ስለሚነሱ ላውንጁም የሚጨናነቀው ያኔ ነው። ከተመለሱ የተመለሱበትን ሰዓት የያዘ ማረጋገጫ ከሠራተኛው ይጠይቁ፤ ቫውቸር የገዙበት ድረ ገጽ ገንዘብ እንዲመልስ መከራከሪያዎ እሱ ነው።

ሲገቡ ከምግቡ በፊት ሻወር ያስመዝግቡ፤ ወረፋው የሚረዝመው እዚያ ነው። ብዙ ላውንጆች በረራ በድምጽ ማጉያ አይጠሩም፤ ስክሪኑን ራስዎ ይከታተሉ፣ የመሳፈሪያ በሩ ሩቅ በሆነበት አየር ማረፊያ ደግሞ የስልክዎን ማንቂያ ቀደም አድርገው ይሙሉ። ለንደን ሂትሮው ተርሚናል 2 ላይ በርዎ ቢ ከሆነ ከዋናው ሕንፃ በምድር ውስጥ መተላለፊያ በእግር ከ15 ደቂቃ በላይ ሊወስድ ይችላል።