ለታሪካዊ ሰዓቶች የሙዚየም ማሳያ ሣጥን እንዴት እንደሚሠራ

የሰዓት ማሳያ የሚሠራ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚጨነቀው ለመስታወቱና ለመብራቱ ነው። ሰዓቱን ቀስ በቀስ የሚበላው ግን ሣጥኑ ውስጥ ታሽጎ የሚቀረው አየር ነው።

መጀመሪያ ሰዓቱን እወቁት። ከብር ነው፣ ከናስ፣ ከብረት? የቆዳ ማሰሪያ አለው? መታየት ያለበት ፊቱ ነው ወይስ ጀርባው? መሄድ አለመሄዱም አሁኑኑ ይወሰን። ለንደን ግሪኒች በሚገኘው የንጉሣዊው የከዋክብት መመልከቻ ከእንግሊዛዊው ሰዓት ሠሪ ከጆን ሃሪሰን የባሕር ሰዓቶች የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ እየሄዱ ይታያሉ። በ1759 እ.ኤ.አ. የተጠናቀቀው አራተኛው፣ ኤች 4 የሚባለው፣ ግን ዘይት ስለሚፈልግና ሲሄድ አካሉ ስለሚያልቅ ቆሞ ነው የሚቀመጠው። እኔ አብዛኞቹ የኪስ ሰዓቶች እንደ ኤች 4 ቢቆሙ እመርጣለሁ፤ ሞላው መላላቱንም የሰዓት ባለሙያ ይይላቸው።

ከዚያ የሣጥኑን ዕቃ ምረጡ። እዚህ ላይ አትቸኩሉ። ቺፑድ፣ ኤምዲኤፍና የኦክ እንጨት አሲድነት ያለው ትነት ይለቃሉ። ሱፍና ጎማ ሰልፈር ስላላቸው ብርን ያጠቁራሉ። ሲደርቅ ኮምጣጤ ኮምጣጤ የሚሸት ሲሊኮንም አይሁን፤ የሚሸተው ራሱ አሲድ ነውና። ከፋይ ጨርቅ ያምራል፣ ነገር ግን ማቅለሚያውና ሙጫው ምን እንደሆኑ ሳታውቁ ከሰዓት ጋር አታገናኙት። ብርጭቆ፣ በዱቄት ቀለም ተቀብቶ በእሳት የተጋገረ ብረት፣ ያልቀለመ ጥጥ የተሻሉ ናቸው። የተጠራጠራችሁትን ዕቃ በብሪቲሽ ሙዚየም በተጀመረው የኦዲ ፈተና ፈትኑት፦ ቁራጩን ከብር፣ ከመዳብና ከእርሳስ ስስ ቁራጮች እንዲሁም ከጥቂት ውሃ ጋር በጠርሙስ አሽጋችሁ በ60 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ለ28 ቀን አቆዩት። ብረቶቹ ከዛጉ ወይም ከጠቆሩ ዕቃው ሣጥኑ ውስጥ አይገባም።

እርጥበቱን ከ40 እስከ 50 በመቶ ባለው መሃል ያዙት። ከዚያ በላይ ብረቱ ይዝጋል፤ በጣም ሲደርቅ ደግሞ ቆዳው ይሰነጠቃል። እርጥበት የሚመጥጠው ሲሊካ ጄል ከታች ለብቻው በሚከፈት መሳቢያ ይቀመጥ። እሱን ለመቀየር ሰዓቱን መነካካት የለባችሁም።

በጨለማ የሚያበሩ የቆዩ ሰዓቶች ፊታቸው ላይ ጨረር አመንጪው ራዲየም ሊኖር ይችላል። ብርሃኑ ቢጠፋም የራዲየሙ ግማሽ ዕድሜ 1600 ዓመት ያህል ስለሆነ ጨረሩ አይጠፋም፤ የሚለቀው የራዶን ጋዝም በታሸገ ሣጥን ይጠራቀማል። ስለዚህ እንዲህ ያለው ሰዓት ለብቻው፣ የጨረር ደህንነት ባለሙያ በሚያጸድቀው መንገድ አየሩ ወደ ውጭ በሚወጣበት ሣጥን ይቀመጥ። የፊቱን መስታወት በፍጹም አትክፈቱ።

መደገፊያው ሰዓቱን ይያዘው እንጂ አይጨብጠው። ጥርሶቹ የሚታዩ ከሆነ ከሥር ትንሽ የፊት መመልከቻ መስታወት አጋድማችሁ አስቀምጡ፤ ተመልካቹ ፊቱንም ጀርባውንም ባንድ ጊዜ ያያል። ሰዓት ትንሽ ዕቃ ነው፤ ከሣጥኑ መስታወት አርቃችሁ ካስቀመጣችሁት የተቀረጸውን ጽሑፍ ማንም አያነበውም። በተሽከርካሪ ወንበር የሚመጣ ሰውና ልጅም እንዲያዩት ቁመቱን ዝቅ አድርጉት።

መብራቱ ኤልኢዲ ሆኖ ከሣጥኑ ውጭ ይሁን፤ ሙቀት ወደ ውስጥ አይግባ። ቆዳ ወይም በቀለም የተሳለ ፊት ካለ ከ50 ሉክስ (የብርሃን መጠን መለኪያ) አይለፍ።

በ1983 እ.ኤ.አ. ኢየሩሳሌም ከሚገኘው የኤል ኤ ማየር ሙዚየም 106 ሰዓቶች ተሰርቀዋል፤ ለፈረንሳይ ንግሥት ለማሪ አንቷኔት የታዘዘው የሰዓት ሠሪው የብሬጌ ቁጥር 160 ሰዓትም አብሮ ሄደ። አብዛኞቹ የተገኙት ከሃያ ዓመት በላይ ቆይተው ነው። ሌባው የገባው በመስኮት ነበርና ሣጥኑን ብቻ ሳይሆን ክፍሉንም መርምሩ። ለሣጥኑ ተደራራቢ መስታወት ተጠቀሙ፤ መቆለፊያዎቹ ከሁለት ያላነሱና ከተመልካች ዓይን የተሰወሩ ይሁኑ።

ሰዓቱን ከማስገባታችሁ በፊት ባዶውን ሣጥን ከእርጥበት መለኪያና ከአንድ የተወለወለ የብር ቁራጭ ጋር ለጥቂት ሳምንታት ዘግታችሁ አቆዩት። መለኪያው ከተረጋጋና ብሩ ካልጠቆረ፣ የናይትሪል ጓንት አድርጋችሁ ሰዓቱን አስገቡ።