ልጁን የሚያነጫንጨው ሆዱ ቢሆንስ?

ልጅ ሲያስቸግር መጀመሪያ አፋችን ላይ የሚመጣው «ጠግቦ ነው» የሚለው ነው። ከቁጣው በፊት ግን ሆዱን ማየት ይሻላል። አንጀትና አንጎል ቬገስ በሚባል ነርቭ የተገናኙ ናቸው። የዚህ ነርቭ ክሮች በአብዛኛው ወሬ የሚያደርሱት ከሆድ ዕቃ ወደ አንጎል ነው።

ይነጫነጫል፣ ምግብ አይበላም፣ የውስጥ ሱሪውም ይቆሽሻል

መጀመሪያ የሆድ ድርቀትን ጠርጥሩ። አንዴ ካካ ሲል ያመመው ልጅ ቀጣዩን ይይዘዋል። ጥግ ይዞ፣ እግሮቹን አጣብቆ፣ በእግር ጣቶቹ ቆሞ ታገኙታላችሁ። የሚያምጥ ይመስላል እንጂ እየያዘ ነው። የተያዘው ይደርቃል፤ ሲወጣ የባሰ ያማል፤ ልጁም የባሰ ይይዛል። ውሎ ሲያድር ቀጭኑ በደረቁ ዙሪያ እያመለጠ ልብሱን ያበላሻል። ወላጅ ተቅማጥ ይመስለዋል፤ ልጁ ደግሞ ሲያመልጠው እንኳ አይታወቀውም። በዚህ ልጅን መግረፍም ማሳፈርም ግፍ ነው።

አንጀት ከምግብ በኋላ ስለሚነቃ ከቁርስና ከእራት በኋላ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ሽንት ቤት አስቀምጡት። እግሩ አይንጠልጠል፤ መርገጫ አድርጉለት። ውሃ፣ ፍራፍሬ፣ አትክልትና ጥራጥሬ ይረዳሉ። ድርቀቱ ከቆየ ግን ምግብ ብቻውን አይበቃም። ሐኪም የሚያለሰልስ መድኃኒት ያዝለታል፤ ብዙ ጊዜ ለወራት የሚወሰድ ነው። ትንሽ ሲሻለው ካቋረጣችሁት ችግሩ ይመለሳል።

ይደክመዋል፣ ቶሎ ይናደዳል፣ አፈር ያምረዋል

የብረት ማነስ ሊሆን ይችላል። አንጎል ዶፓሚንና ሴሮቶኒን የሚባሉትን ስሜትን የሚነኩ መልእክት አድራሽ ኬሚካሎች ለመሥራት ብረት ያስፈልገዋል። ወተት እየጠጣ ምግብ የሚተው ሕፃን ለዚህ በጣም የተጋለጠ ነው። ደሙን አስመርምሩ። የብረት መድኃኒት በግምት አትስጡ፤ ከልክ ካለፈ ለሕፃን መርዝ ነው። ሻይ ከምግብ ጋር አይጠጣ፣ ብረቱ ወደ ደም እንዳይገባ ያግዳል። ብርቱካን ግን ያግዛል።

ሌሊት ይገላበጣል፣ መቀመጫውን ያካል፣ ቀን ብስጩ ነው

ማታ እንቁላል ለመጣል ከመቀመጫው የሚወጡ ትናንሽ ነጭ ትሎች እንቅልፍ ነስተውት ይሆናል። መድኃኒቱን ቤተሰቡ በሙሉ ይወስዳል፤ ከ2 ሳምንት በኋላም ይደገማል። ጥፍሩን ቁረጡ፣ አንሶላውን እጠቡ።

በትምህርት ቀን ጠዋት ሆዱን ይቆርጠዋል፣ ቅዳሜና እሁድ ደህና ነው

እዚህ ላይ መልእክቱ ከላይ ወደ ታች ነው የሚወርደው። ጭንቀት አንጀትን ያኮማትራል። ሕመሙ የእውነት ነውና «አታስመስል» አትበሉት። ማን እንደሚያስቸግረው፣ የትኛው ክፍለ ጊዜ እንደሚያስፈራው ረጋ ብላችሁ ጠይቁት፤ መምህሩንም አነጋግሩ።

ስኳር ልጅን ያቅበጠብጣል የሚባለውን ግን ጥናቶች አልደገፉትም። «የሰውነት ሴሮቶኒን 90 በመቶው አንጀት ውስጥ ነው» እያሉ ለልጅ ጠባይ እንክብል የሚሸጡትንም በጥርጣሬ ስሟቸው። ቁጥሩ እውነት ነው፤ የአንጀቱ ሴሮቶኒን ግን ወደ አንጎል አይገባም፣ አንጎል የራሱን ይሠራል።

ሰገራው ደም ካለው፣ ክብደቱ ከቀነሰ ወይም ሕመሙ ከእንቅልፍ ከቀሰቀሰው ሐኪም ዘንድ ለመሄድ አትዘግዩ። አረንጓዴ ካስመለሰው ደግሞ በዚያው ሰዓት ይዛችሁት ሂዱ።