እንሽላሊት ለማየት ጅሬን ዳገት ለምትወጡ

ጅማ ላይ እንሽላሊት ማየት ካማራችሁ በማለዳ አትቸኩሉ። ሰውነታቸው የሚሞቀው በፀሐይ ነው። ከጠዋቱ 3 ሰዓት ተኩል ገደማ፣ ድንጋዩ ሞቅ ሲል ውጡ። ፀሐይ የሚመታውን የድንጋይ ካብ ከሩቅ ቃኙ። ጥላችሁ እንዳያርፍባቸው፤ ወዲያው ስንጥቅ ውስጥ ጥልቅ ይላሉ።

ድንጋይ የምታነሱ ከሆነ ግን ይህችን አደራ! የወዲያኛውን ጠርዝ ይዛችሁ ወደ ራሳችሁ አጋድሉት። እጃችሁን ከስር አታስገቡ። እባብ ቢኖር ድንጋዩ ይከልላችኋል፣ እሱም በወዲያ በኩል ያመልጣል። አይታችሁ ስትጨርሱ እንደነበረው ቀስ አድርጋችሁ መልሱት፤ ቤታቸው እኮ ነው።

ጅራታቸውን በፍጹም አትያዙ። የብዙዎቹ ይበጠሳል፣ መልሶ ለማብቀልም ብዙ ጉልበት ይፈጅባቸዋል። በመንገዳችሁ ቡና ዛፍ ላይ እስስት ካገኛችሁ ደግሞ ሳትነኳት ቁጭ ብላችሁ እዩአት።